በገንፎ ላይ የቆመው ቤት

ሲብራንድ ከጀልባዋ ጠርዝ ወደ ዳር ሲዘል እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ይራገም ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ጭቃ አነሳ። በጣቶቹ አሸው፣ አሸተተው፣ ጥቂትም በምላሱ ቀመሰና ወደ ሚስቱ ዞሮ እንደ ሰከረ ሰው ሳቀ።

«አለይድ! ነይ እይው! የኛው ጭቃ ነው! የከተማችን የሆርን ጭቃ ቁርጥ!»

አለይድ ገመዱን እየጠቀለለች ከላይ አየችው። «ጭቃ ለመቅመስ ነው ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጥነው? አገራችን ሳለን በነጻ ትልሰው አልነበር?»

ወንድሟ ባረንት መሪውን እንደያዘ በሳቅ ፈነዳ። ሲብራንድ ግን አልሰማቸውም። ረግረጉን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በዓይኑ እየለካ፣ ገና ያልተቆፈሩትን ቦዮች በጣቱ አየር ላይ እየሣለ፣ ጭቃውን እየረገጠ ሄደ። አለይድ ይህን አረማመዱን ታውቀዋለች። ባሏ እንዲህ መራመድ ከጀመረ ምሳና እራት የሚባል ነገር ይረሳል።

ጀልባዋ «ዝንጉርጉሯ ላም» ትባላለች። አለይድ ከአባቷ የወረሰቻት፣ ወለሏ ጠፍጣፋ፣ ሆዷ ሰፊ የዕቃ ጀልባ ናት። ባልና ሚስት ቤት የላቸውም፤ ቤታቸው እሷ ናት። ሲብራንድን ለግንባታ የሚፈልገው ሰው ሲገኝ ሆዷን የሆርን ጡብ ይሞሉና ሸራ ይዘረጋሉ። በኤምደን የነጋዴ ቤት ሠርተዋል፤ በሄልሲንገር ግንብ፣ በዳንዚግ ጎተራ። የመጨረሻው ጡብ እንደተቀመጠ ደግሞ ወደ ሌላ አገር። አለይድ ባሏ ከሠራቸው ቤቶች በአንዱም ውስጥ እሳት ሲነድ አይታ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ሲብራንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገብቶላታል። የስዊድን ንጉሥ ከወንዙ አፍ ላይ እንድትቆረቆር ያዘዛት ከተማ የመጨረሻቸው ትሆናለች፤ ከዚያ ወደ ሆርን፤ ከዚያ ወዲያ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። እሷም አምናዋለች፤ ማለት ለማመን ሞክራለች።

የአገሩ ግንበኞች ከእነሱ በፊት መጥተው ነበር። ረግረጉን አይተው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ወደየመጡበት ተመለሱ። በጭቃ ላይ ከተማ የሚሠራ ከተፈለገ ከጭቃ የተወለደ ይጠራ ተባለ፤ ሆላንዶች ተጠሩ።

ሥራው የተጀመረው ግንድ በመቅበር ነው። ረጃጅም የጥድ ግንዶች ጫፋቸው ይሾላል፤ ከዚያ አንድ ትልቅ የብረት ክብደት በገመድ ወደ ላይ ይሳብና ግንዱ አናት ላይ ይለቀቃል። ገመዱን የሚስቡት ወታደሮችና ገበሬዎች ናቸው። ሲብራንድ ከእንጨት ርብራቡ ላይ ቆሞ በአገሩ ቋንቋ ያዜምላቸዋል፤

«ውረድ ግንዱ ውረድ፣
ከታች አለህ ዘመድ!»

ስዊድኖቹ ቃሉ ሳይገባቸው ይቀበሉታል። እየተቀባበሉት ሲሄዱ ቃሉ አፋቸው ላይ ተጣሞ፣ በሆላንድኛ «ዘመድ» የነበረው ወደ «አሳማ» ተለወጠ፤ እነሱ አላወቁም። መቶ ጎረምሳ በአንድ ድምፅ «ከታች አለህ አሳማ!» እያለ ገመድ ሲስብ አለይድ ሆዷን ይዛ ከጡብ ክምሩ ላይ ተንከባለለች። ሲብራንድም አላረማቸውም። እንዲያውም በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ «አሳማ» ማለት ጀመረ።

ግንዱን ከጫካ የሚያመጣው ቶርኬል የሚባል ሰው ነበር። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ቀይ ጢሙ እስከ ቀበቶው የወረደ፣ ድንጋይም እንጨትም እጁ የገባ ሽማግሌ ነው። ከመሀል አገር ከጫካ መንደር ሰዎቹን ይዞ መጥቶ፣ ሥራውን ከሚያዘው ከሻምበል ማግኑስ ጋር ተዋውሏል። ለጥቂት ቀናት እጁን አጣጥፎ ሥራውን አየ። በመጨረሻ ወደ ርብራቡ ተጠጋ።

«አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቅ።»

«እኔ ይህን የመሰለ ጥድ ከጫካ በበሬ እየጎተትኩ አመጣለሁ። አንተ ትቀበልና ትቀብረዋለህ። ምንህ ሞቶብህ ነው?»

ሰዎቹ ገመዳቸውን ለቀው ሳቁ። ሲብራንድም ሳቀ። «ጫካ እየተከልኩ ነው፤ ዘቅዝቄ።»

«እዚያ ማዶ አለት አለልህ፤ እግዜር በእጁ ያበጀው መሠረት። በገንፎ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።»

«በአለት ላይ የሠራ ሰው ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። በገንፎ ላይ የሠራ ግን ጀልባዋ ደጁ ድረስ ትመጣለታለች።»

«መምጣቱንስ ትመጣለች፤ ቤቱን የምታገኘው ግን ከውሃው በታች ነው!»

ሳቁ አሁን ለቶርኬል ሆነ። ሲብራንድ ከርብራቡ ወርዶ ፊቱ ቆመ። ሁለቱም ዓይናቸው ይበራ ነበር፤ የሚጣሉ ሳይሆን የሚጫወቱ ይመስሉ ነበር።

«ና እንወራረድ» አለ ሲብራንድ። «ውሃው ቦዩ ውስጥ በሚገባበት ቀን በዚህ ግንድ ላይ የምሠራው ቤት ቆሞ ካመሸ ያን ጢምህን ትላጫለህ።»

ቶርኬል ሳያስበው ጢሙን ጨበጠ። ካገባ ጀምሮ መቀስ ነክቶት አያውቅም። «ከሰጠመስ?»

«የላም ቃጭል አንገቴ ላይ አስሬ ከተማውን እዞራለሁ።»

«እሱ ምን አለበት! አንተ ያለ ቃጭልም ትዞራለህ። ይልቅ ስለ ሚስትህ ልጠይቅህ። ውሃው ሲገባ እዚያ ቤት ውስጥ ትቀመጣለች?»

ሲብራንድ ወደ አለይድ ዞሮ ሳያያት፣ እሷ ከጡቡ ክምር ላይ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«መቀመጥ ብቻ ነው እንዴ ጋሼ ቶርኬል? የእንቁላል ቂጣ እጠብስልሃለሁ። መጥተህ በልተህ፣ አጣጥመህ፣ ከዚያ ትላጫለህ!»

ጩኸቱ ወንዙን ተሻገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠፈሩ ውስጥ ከውርርዱ ሌላ ወሬ ጠፋ።

ክረምቱን በሙሉ ቤቱ አደገ። የከተማው የሚዛን ቤት ነበር፤ ከመሀል አገር የሚወርደው ብረት እዚያ ተመዝኖ ጀልባ ላይ ይጫናል ተብሎ የታሰበ። ባረንት ባሕሩ በፈቀደ ቁጥር ወደ ሆርን እየተመላለሰ ቢጫና ቀይ ጡብ በዝንጉርጉሯ ላም ሆድ አመጣ። ወለሉ ተነጠፈ፣ ግድግዳው ቆመ፣ በመጨረሻም ግንባሩ ተጀመረ። ይህን የጀመረ ዕለት ሲብራንድ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ እስከ ማታ አላወቀም።

ግንባሩ እንደ አገራቸው ቤቶች ነው። ከግራም ከቀኝም እንደ ደረጃ እየጠበበ ወደ ላይ ይወጣል፤ አናቱ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ ይቀመጣል። አለይድ ጡብ ስታቀብል የሁለቱን ቀለም ራሷ ትመርጥ ነበር። ቢጫው የት እንደሚገባ፣ ቀዩ የት እንደሚያምር ከባሏ ጋር ርብራቡ ላይ እየተጨቃጨቁ ከታች ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር።

«ቢጫውን አምጪ!»

«ቀይ ነው እዚህ ጋ!»

«ግንበኛው ማነው?»

«ዓይን ያለው ነው!»

ቶርኬል እንጨት የማምጣት ሰበብ አያጣም። ጭነቱን ካራገፈም በኋላ አይሄድም፤ አንጋጦ ወደ ላይ ያያል። አንድ ቀን አለይድ ከላይ ሆና ስታየው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል የግንባሩን ደረጃዎች ከሩቅ እየለካ ነበር።

«ምን እየለካህ ነው ጋሼ?»

ደንግጦ እጁን ኪሱ ከተተ። «ሲወድቅ የት ድረስ እንደሚደርስ ነው እንጂ ሌላ ምን እለካለሁ!»

ነጩ ድንጋይ በተቀመጠ ቀን አለይድ እስከ አናቱ ወጣች። ነፋሱ ቀሚሷን እንደ ሸራ ነፋው። ከታች ከተማዋ ተዘርግታለች፤ ቀጥ ያሉ ደረቅ ቦዮች፣ ካስማ የተተከለላቸው መንገዶች፣ ገና ያልተሠሩ ቤቶች ቦታ። ረግረግ ሲሉት የነበረው ነገር ሁሉ መስመር ይዟል። «ይህን እኮ እኛ ነን የሠራነው!» ብላ ለማንም ሳይሆን ለነፋሱ ጮኸች። ቀጥሎ ዓይኗ እግሯ ሥር ባለው ግንባር ላይ አረፈ። የተወለደችበት መንደር ቤት ቁርጥ ነው። ይህንንም ጥለን ልንሄድ ነው፣ አለች በልቧ።

ውሃው የሚገባበት ቀን ሲቃረብ ሻምበል ማግኑስ እየሮጠ መጣ። ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚሮጥ ሰው ነበር እንጂ። ላባ ያለው ባርኔጣው ከራሱ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚቀር ይመስላል።

«አለቃ ሲብራንድ፣ አገረ ገዥው በሚመጣው እሑድ ይደርሳሉ። የወንዙን ውሃ ወደ ቦዩ የሚያስገባው በር ያን ዕለት ይከፈታል።»

«እሑድ? የለም፣ የለም። የቦዩን ዳር የሚይዘው የሳንቃ ግንብ ከሚዛኑ ቤት አጠገብ መታጠፊያው ላይ ጀርባው ገና በአፈር አልተደለደለም። ጥቂት ሳምንት ስጠኝ።»

«አገረ ገዥው ሳምንት የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። ይቆማል አይቆምም?»

ሲብራንድ ጭንቅላቱን አከከ። አለይድ ፊቱን አየች። እንቢ ማለት እንዳለበት ያውቃል። ግን ውሃው ሲገባ ለማየት እሱም እንደ ሻምበሉ ቸኩሏል።

«ይቆማል» አለ። «የሚቆም ይመስለኛል።»

እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ከተማዋ ተገለበጠች። ከየመንደሩ ሰው ጎረፈ፤ ከበሮ ተመታ፤ ሕፃናት አባቶቻቸው ትከሻ ላይ ወጡ። የቶርኬል ሚስት ማሪት እንኳ ከጫካ መንደራቸው መጥታ ነበር፤ የባሏን ጢም ለመጨረሻ ጊዜ ላየው እንደሆነ ብላ። አለይድ በሚዛኑ ቤት ምድጃውን አነደደች። ሲብራንድ በሠራው ቤት ውስጥ እሳት ስትለኩስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ መጥበሻዋን ጣደች።

«ውሃ ሳይገባ ቂጣው እንዳያርር!» ብሎ ቶርኬል ከታች ጮኸ።

«አንተ ምላጭህን ሳል!»

አገረ ገዥው እጃቸውን አነሱ። የውሃው በር በሰንሰለት ተስቦ ከፍ አለ። መጀመሪያ ቀጭን፣ ቡናማ፣ አረፋ የደፈቀ ጅረት በደረቁ ቦይ ውስጥ እንደ እባብ ተሳበ፤ ቅጠል፣ ፍልጥ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ የእንጨት ጫማ ከፊቱ እየገፋ። ከዚያ ወፈረ። ከዚያ አገሳ። ሁለት ዳክዬዎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ በውሃው ጀርባ ላይ ተቀምጠው አለፉና ሕዝቡ ለዳክዬዎቹ አጨበጨበ። ባርኔጣ ወደ ሰማይ ተወረወረ። ቦዩ ሲሞላ ባረንት ዝንጉርጉሯን ላም በባንዲራ አሸብርቆ፣ የመጨረሻውን ጡብ እንደጫነ፣ የመጀመሪያዋ ጀልባ አድርጎ አስገባት።

ቤቱ አልተነቃነቀም።

አለይድ ወለሉን በእግሯ መታ መታ አደረገች። እንደ አለት ነው። በመስኮት ብቅ ብላ አንድ ቂጣ አውጥታ አውለበለበች፤ ሕዝቡ ጮኸ። ሲብራንድ ከበሮ መቺውን አቅፎ ይስመው ነበር። ቶርኬል ሁለት እጁን ጢሙ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ማሪት በሳቅ ታለቅሳለች።

ያኔ ነው አለይድ ወደ ታች ያየችው። በቤቱና በቦዩ ግንብ መሀል ያለው መሬት እርጥብ ነበር። እያየችው ሰሐን የሚያህል ጉድጓድ ተከፈተ፤ ቡናማ ውሃ ከውስጡ ተሽከረከረ፤ ሰሐኑ ወዲያው በርሜል አከለ። መታጠፊያው ላይ የግንቡ ሳንቃዎች እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወደ ቦዩ ተነፍተዋል።

«ሲብራንድ!» ድምፅዋ ከበሮውን አቋረጠው። «ግንቡ! ከጀርባው እየበላው ነው!»

ሲብራንድ ዞሮ አየና ፊቱ ኖራ መሰለ። ውሃው ግንቡን ካለፈ ቀጥሎ የሚያገኘው ከቤቱ ሥር ያሉትን ግንዶች ነው። «በሩን ዝጉ!» አለ። ወታደሮቹ ሰንሰለቱን ለቀቁት፤ በሩ ግን እየወረደ ሳለ ውሃው ያመጣው ግንድ ከሥሩ ተሰንቅሮ ያዘው። ጆንያ አሸዋ ወረወሩ፤ ውሃው እንደ ላባ ወሰደው። ሻምበል ማግኑስ ባርኔጣውን ጥሎ ራሱ ጆንያ ይሸከም ጀመር።

ቶርኬል ለአፍታ ቆመ። አሁን ዝም ቢል ጢሙ ይተርፋል፤ ቃጭሉም ለሲብራንድ ይታሰራል። ሰው ሁሉ አየው። እሱ ግን ቦት ጫማውን አውልቆ ወረወረና ወደ ሰዎቹ ጮኸ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ጥዶቹን አምጡ! ከፊት ደግፉት!» ራሱ እስከ ደረቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ትከሻውን ከሳንቃው ጋር አጣበቀ።

«አለቃ! እኔ ይህን ብዙ አልይዘውም! ከባድ ነገር! ትልቅና ከባድ ነገር ስጠኝ!»

አለይድ ከቤቱ ወጥታ ዳር ደርሳ ነበር። ትልቅና ከባድ ነገር ከፊቷ ተንሳፍፏል፤ ሆዱ ጡብ ተጭኖበት፣ ባንዲራው እየተርገበገበ። ብዙ አላሰበችም። ቢያስቡት የማይደረግ ነገር ነው።

«ባረንት! በጎኗ አምጣት! ግንቡ ላይ አስጠጋት!»

«ልታሰጥሚያት ነው እንዴ... አለይድ፣ የአባባ ጀልባ እኮ ናት!»

«የኔ ናት! አምጣት ብዬሃለሁ!»

ባረንት እያለቀሰ መሪውን ጠመዘዘ። ጀልባዋ በጎኗ መጣች፤ ቶርኬልና ሰዎቹ ዘለው ወጡ፤ የጀልባዋ ጎንና ግንቡ ተጋጭተው ተንጓጉ። አለይድ ከአንዱ ወታደር እጅ መጥረቢያ ነጥቃ ጀልባዋ ላይ ዘለለች። ሲብራንድ ከዳር ጮኸ።

«አለይድ! ወደ አገራችን በምን ልንሄድ ነው?»

«እሱን ኋላ እናወራዋለን!» አለችና ወደ ጀልባዋ ሆድ ወረደች።

የመጀመሪያው ምት ሳንቃውን አልበገረውም፤ አባቷ ጀልባዋን ሲሠራት ኦክ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ነበር የመረጠው። ሁለተኛውን በሁለት እጇ፣ በሙሉ ኃይሏ አሳረፈችው። ሳንቃው ተሰነጠቀ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቷን መታት። ደግማ መታችው፤ ደግማም። ባረንት በብብቷ ገብቶ ሲያወጣት ውሃው ወገቧ ደርሶ ነበር። ዝንጉርጉሯ ላም አንዴ አቃሰተች፤ አፍንጫዋን ደፋች፤ ከዚያ ከነጡቧ፣ ከነባንዲራዋ፣ በግንቡ ጎን ልክ እንደ ላም ተንበረከከች። ጠፍጣፋው ወለሏ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። የተነፋው ሳንቃ ተመልሶ ተጠጋ። የተሽከረከረው ውሃ ቀስ አለ፣ ፈዘዘ፣ ቆመ።

ቶርኬል ጭቃ እንደለበሰ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ከታች አለህ አሳማ!» ብሎ ጮኸ፤ መቶ ጎረምሳ ተቀበለው፤ ግንድ መትከል እንደገና ተጀመረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀልባዋ ዙሪያዋን በጥድ ታጥራ፣ አሸዋ ተሞልታ፣ የግንቡ አካል ሆነች። ቤቱ ቆሞ ነበር። ቂጣው ብቻ ነው ያረረው።

ቶርኬል በገባው ቃል ተላጨ። ወንበር ሚዛኑ ቤት ደጃፍ ወጣለት፤ ምላጩን የያዘችው ማሪት ናት፤ ሌላ ሰው አላስነካም አለች። ጢሙ ወርዶ ሲያልቅ ከሥሩ ክብና ቀይ፣ አገጩ እንደ ሕፃን የተሰረጎደ ፊት ወጣ።

«ማነው ይሄ?» አለች ማሪት። «እኔ ያገባሁት ሌላ ሰው ነበር!»

«እኔም አላውቀውም» አለ ቶርኬል አገጩን እየዳሰሰ። ያረረውን ቂጣ ከነጥቁሩ በላው፤ ጣፋጭ ነው ብሎም ማለ።

ሰው ሲበተን አለይድ ግንቡ ላይ ተቀምጣ ከውሃው ብቅ ያለውን የጀልባዋን ምሰሶ አየች፤ እንባዋም መጣ። ሲብራንድ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እንቢ ማለት ነበረብኝ» አለ። «ለሻምበሉ።»

«ነበረብህ።»

«ቸኮልኩ።»

«አውቃለሁ። እኔም ቸኩዬ ነበር።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አባባ ይቆጣ ነበር?»

«አንቺ ላይ? ሳንቃውን በስንተኛው ምት እንደሰበርሽው ነበር የሚጠይቀው።»

በእንባዋ መሀል ሳቀች።

ሻምበል ማግኑስ በማግስቱ መጥቶ ጥፋቱ የሱ ችኮላ እንደሆነ በሰው ፊት ተናገረ፤ በምትመጣው የመጀመሪያ መርከብ ወደ ሆርን እሸኛችኋለሁም አለ። መርከቧ መጣች። ሌላም መጣች። ሲብራንድ ግን የግንቡን ጀርባ መደልደል ነበረበት፤ ከዚያ ከማዶ አንድ ነጋዴ እንደሚዛኑ ቤት ያለ ቤት ፈለገ፤ ከዚያ አለይድ ራሷ በቦዩ ዳር አንድ ቦታ አይታ «እዚህ ጋ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል» አለች። ባረንት በሌላ ሰው መርከብ እየሠራ ጡብ ያመላልስ ነበር። እዚያ የሠሩት ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ግንባሩ ግን የቢጫና የቀይ ጭቅጭቅ ሞልቶበታል። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ አለይድ በዚያው ቤት ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ በረዶ ሲወርድ አየች፤ የዚያን ዕለት ያለ ምክንያት ስትዘፍን ዋለች።

በቀጣዩ በጋ ቶርኬል መልእክት ላከ። ወደ መንደሬ ኑ፣ የማሳያችሁ ነገር አለኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አልናገርም።

መንገዱ ጫካ ለጫካ ነው። ጋሪው በድንጋይና በሥር ላይ ሲንገጫገጭ ሲብራንድ «አለት! አለት! ይህን ሁሉ አለት ምን ያደርጉታል?» እያለ ተማረረ። ከጥዶቹ መሀል ሜዳ ሲከፈት አለይድ ቀድማ አየችና የባሏን ክንድ ጨመደደች።

ከእንጨት ጎጆዎቹና ከሣር ክዳኖቹ በላይ፣ ከሰማይ ፊት ለፊት፣ ደረጃ ያለው ግንባር ቆሟል። በግራም በቀኝም እየጠበበ ይወጣል። ጡቡ ቀይ ነው፤ መሀል መሀሉ ነጭ መስመር አለው። ጋሪው ሲጠጋ ግን ሲብራንድ ተነሥቶ ቆመ፤ ሊወድቅም ምንም አልቀረውም።

«እንጨት ነው!» አለ። «አለይድ፣ እንጨት ነው! ጡብ አስመስለው ቀብተውታል!»

እውነትም የቶርኬል ጎተራ ነበር። ሳንቃ ለሳንቃ ተጋጥሞ፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ጡብ እንዲመስል በነጭ ኖራ መስመር ወጥቶለታል። በአናቱ ድንጋይ ፋንታ ከእንጨት የተጠረበች ላም ቆማለች፤ ዝንጉርጉር ናት።

ቶርኬል ከበሩ ወጣ፤ ጢሙ ግማሽ መንገድ አድጓል። እንደ ልጅ አፍሮ ነበር። «ጡብ የለንም» አለ። «ያለን እንጨት ነው። አንተ በእንጨት ላይ ጡብ ካቆምክ፣ እኔ ከእንጨት ጡብ ብሠራ ምን ይለኛል አልኩ። ትስቅብኛለህ?»

ሲብራንድ አልሳቀም። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። ከዚያ ወደ ላይ አንጋጦ ሲያይ ቅንድቡ ተሰበሰበ።

«ሦስተኛው ደረጃ ሰፍቷል።»

«ሰፍቷል? የቱ ነው የሰፋው?»

«መሰላል አምጣ!»

ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱ ጣሪያው ላይ ወጥተው፣ አንዱ ሳንቃ እየጎተተ፣ ሌላው በቱንቢ እየለካ ይጮኹ ነበር። ማሪትና አለይድ ከታች ቆመው ያያሉ። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ አንዱ ለበጎቹ ቤት፣ አንዱ ለወፍጮው እንዲህ ያለ ይሁንልኝ እያለ ይጠይቃል። ከሁሉ ኋላ የመንደሩ ቄስ ቀጭን አንገታቸውን አውጥተው መጡ፤ ጎተራውን አዩት፣ ትንሿን የእንጨት ቤተ ክርስቲያናቸውንም ዞረው አዩ።

«እመቤቴ» አሏት ለአለይድ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለቤተ ክርስቲያን በረንዳ... እንዲህ ያለ ግንባር አይሆንም ይላሉ? ትንሽ ብቻ። ላሟ ሳትኖርበት።»

አለይድ ወደ ጣሪያው አየች። ሲብራንድ ነገሩን ሰምቶታል፤ መዶሻውን እንደያዘ መልሷን እየጠበቀ ነው። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች።

«ምን ያህል ከፍ እንዲል ይፈልጋሉ፣ አባ?»